የተዋጠው እልልታ

እልልታው ሦስት ብሎ ቆመ።

ሰርክአዲስ ዱካዋን በበሯ ደፍ ላይ አስጠግታ የጥቅምትን ፀሐይ ትሞቅ ነበር። የመኪና በር ሲዘጋ ሰምታለች፤ «ቀስ፣ ቀስ፣ ደረጃውን እያየሽ» የሚል የወንድ ድምፅም ሰምታለች። ከዚያ ከግቢው ማዶ፣ ከወይንሸት ቤት፣ ያ እንደ መለከት የሚወጣ ጉሮሮ ሦስት ጊዜ ወደ ሰማይ ወጥቶ ወረደና ጸጥ አለ። የወይንሸት ልጅ ሰገነት በሰላም ተገላግላ፣ የወለደችውን ታቅፋ ከሆስፒታል ገብታለች ማለት ነው።

«ሴት ናት» አለች ሰርክአዲስ ለራሷ። «ማርያም ታሳድጋት።»

ለመጠርጠር ምክንያት አልነበራትም። ከጊዮርጊስ ቁልቁል ባለው በዚህ የአሮጌ እንጨት ቤቶች ግቢ ውስጥ ለሴት ልጅ ሦስት፣ ለወንድ ልጅ ሰባት እልል ይባላል። መንግሥት ሄዷል መንግሥት መጥቷል፤ ሰፈሩም ግማሹ ፈርሶ ግማሹ ቆሞ ቀርቷል፤ የእልልታው ቁጥር ግን ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። ከአጥር ወዲያ ያለ ጎረቤት እንኳ ሥራውን ሳያቋርጥ ጆሮውን ብቻ ሰጥቶ ማን ምን እንደ ወለደ ያውቃል።

ተነሥታ ገባችና አልጋዋ ሥር ያለውን ቆርቆሮ ጎትታ አወጣች። ውስጡ የገብስ ዱቄት ነው። የሰገነት ሆድ መታየት ከጀመረ ወዲህ ገብሱን ራሷ ለቅማ፣ ራሷ ሸክሽካ፣ ራሷ ቆልታ፣ ሌላ እህል እንዳይቀላቀልባት ወፍጮ ቤት ድረስ ሄዳ ባለወፍጮውን አፍጥጣበት ያስፈጨችው ዱቄት። በዚህ ግቢ ሰርክአዲስ ገንፎ ያላገነፋችላት አራስ የለችም። የሰገነትን እናት ወይንሸትንም ሰገነትን የወለደች ጊዜ ያበላቻት እሷ ናት። ከዱቄቱ ቆንጥራ በጣቶቿ መሃል አሸት አሸት አደረገችው፤ ለስልሷል። ማማሰያዋን ከተሰቀለበት አወረደች፣ ጥቁር ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ እጇን እስከ ክርኗ ታጠበች። ከዚያ ተመልሳ ዱካዋ ላይ ቁጭ አለች።

ወጉ እንዲህ ነው፤ የአራሷ እናት ራሷ እስከ በር መጥታ «እጅሽን አውሺኝ» ትላለች። ሳይጠራ ማማሰያ ይዞ አራስ ቤት የሚገባ የለም። ሰርክአዲስ ደግሞ ሳይጠሯት ከምትሄድ እግሯ ቢሰበር ይሻላታል።

ጠበቀች። ፀሐዩ ከጉልበቷ ወደ እግሯ ጣቶች ወረደ። የእንቁ ዶሮ መጥታ ቆርቆሮውን በአንድ ዐይኗ አይታው ሄደች። ወይንሸት አልመጣችም።

በዶሮዋ ፈንታ ባለቤቷ ብቅ አለች። እንቁ የጎን ጎረቤት ናት፤ አፏ ከእግሯ የሚቀድም፣ ግቢው ውስጥ ነገር ሲፈጠር ከተፈጠረበት ሰው እኩል የምትሰማ ሴት። ዛሬ ግን ነጠላዋ ሥር የሆነ ነገር ወሽቃ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ታክካ፣ ድመት እንደ ሸተታት አይጥ ነበር የምትራመደው።

«እንደምን ዋሉ፣ እትዬ ሰርክአዲስ?»

«ቅቤውን ምን አስደበቀሽ? ሰርቀሽው ነው?»

«ኧረ እትዬ! እንዲያው... እንግዳ መጥቶ ነው።»

«እንግዳው ስንት ኪሎ ይመዝናል?»

እንቁ አፏን ከፈተች፣ መልሳ ከደነችው፣ ከዚያ ቅቤዋን አቅፋ ወደ ወይንሸት ቤት ሽው አለች።

ብዙም ሳይቆይ ሽታው መጣ። ገንፎ ነው። ያውም ሥር የያዘ ገንፎ፤ ውኃው በደንብ ሳይፈላ ዱቄት የተሞጀረበት፣ ማማሰያ የያዘችው ሴት ክንዷ ዝሎ «ይበቃዋል» ያለችው ገንፎ። ሰርክአዲስ በአፍንጫዋ ብቻ ጓጉሉን አወቀችው።

«እሰይ» አለች፣ ተመልሳ ለመጣችው ዶሮ። «ለአራስ ጠጠር ያብሏት።»

አልሳቀችም። እንዳልጠሯት ገብቷታል። ረስተዋት ቢሆን እሺ፤ ቅቤ ነጠላ ሥር የሚገባው ግን ለተረሳ ሰው አይደለም። ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር፣ አመድ ለብሶ የከረመ ፍም እፍ እንዳሉበት፣ ቀላ።

«እትዬ ሰርክአዲስ» ብላታለች እንቁ፤ ይሄም አለ ደግሞ። ስሙን ያወጡላት አባቷ ናቸው፤ እሳቸው ካለፉ ወዲህ ግን ብዙም የጠራት አልነበረም። አርባ ዓመት አልፏት፣ ሰው መካን ናት ብሎ አውርቶባትም አዝኖላትም ሲያበቃ ኤርሚን የወለደች ዕለት የዱሮ ስሟ ከላይዋ ላይ ወለቀ። ቀበሌው፣ እድሩ፣ ወተት ሻጩ፣ ነፍሱን ይማረውና ባሏም ሳይቀር «የኤርሚ እናት» አሏት። ያን ስም እንደ ካባ ነበር የለበሰችው። አምና በኅዳር ኤርሚ ከሚሠራበት ወርቅ ቤት ወጥቶ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ሲወርድ፣ ፍሬኑ የተበጠሰ የጭነት መኪና ከኋላው መጣ። አላገባም፣ አልወለደም፤ ነገ ዛሬ ሲል ነበር።

ድንኳኑ ሳይፈርስ ሰው ስሙን ይውጥ ጀመር። መጀመሪያ «የኤር...» ይሉና ያንቃቸዋል። ቀጥሎ «እሜቴ»፣ «እናንዬ» እያሉ ዙሪያውን ሄዱ። አርባው ሲወጣ የተማከሩ ይመስል ሁሉም «እትዬ ሰርክአዲስ» ላይ ተገናኙ። ስሙን ሰምታ እንዳታለቅስ ነው። አሳቢዎች! እሷ ልጇን አንድ ጊዜ ቀበረችው፤ እነሱ በጠሯት ቁጥር ይቀብሩታል።

ነጠላዋን ከወገቧ ፈትታ ትከሻዋ ላይ ጣለች፣ ቆርቆሮውን ከድና በሩን ቆልፋ ወጣች። እዚያው ብትቀመጥ ማማሰያውን የሰው ራስ ላይ ትሰብረው ነበር።

እግሯ እንደ ልማዱ ሽቅብ ወደ ጊዮርጊስ ወሰዳት። ከቅዱሱ ጋር ከተኳረፉ ዓመት ሊሆናቸው ነው። ኤርሚ የስለት ልጅ ነው፤ ጃንጥላ ተስላ ያገኘችው፣ ጃንጥላውንም ከነዘርፉ አሳምራ ያገባችለት። ከዚያ ወዲህ እሷ በኩል የቀረ ነገር አልነበረም። እሱ በኩል ግን ቀረ። ስለዚህ ትመጣለች፣ አትሳለምም። ከምኒልክ አደባባይ በኩል፣ ከበሩ ማዶ ትቆምና፣ ነጠላዋን ሳታጣፋ፣ ታፈጥበታለች። የሚያያት ሰው የምትጸልይ ይመስለዋል።

«ፈረስህ የት ነበር?» ትለዋለች በሆዷ። «ለቤሩት ልጅ ዘንዶ ድረስ የጋለበ ፈረስ፣ የእኔ ልጅ ዘንድ ሲሆን ምነው አነከሰ? መኪና ከዘንዶ ይበልጣል?»

ዛሬም ይህንኑ እያለችው ሳለ ከኋላዋ የከዘራ ድምፅ መጣ። የእድሩ ዳኛ አቶ አጥናፉ ነው። እኩያዋ ነው፣ ሰፈሩ ውስጥ ማን እንደሚያለቅስና ማን ማልቀስ እንደሚበቃው የሚወስነው እሱ ነው፤ ቢያንስ እሱ እንዲያ ያምናል።

«ሰርክአዲስ! ምነው ደጅ ቆመሽ? ገብተሽ አትሳለሚም?»

«ተጣልተናል።»

«ከማን ጋር?»

«ከባለ ፈረሱ ጋር።»

አጥናፉ ቶሎ ብሎ አማተበ። «አይባልም! ኧረ ተይ! የሰጠ እሱ፣ የነሣ እሱ። እመቤታችንስ ብትሆን ልጇን መስቀል ላይ አይታው የለ? የእሷን ኀዘን ብናስብ...»

«እመቤታችንማ ልጇ በሦስተኛው ቀን ተነሣላት» አለች ሰርክአዲስ። «የእኔን በስንተኛው ቀን ልጠብቅ? ዳኛ ነህ፣ ቀኑን ቁረጥልኛ።»

አጥናፉ ከዘራውን ከቀኝ ወደ ግራ አዛወረው። አልተወችውም።

«ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ልጇ መቃብር ውስጥ ሳለ፣ ሳይነሣ በፊት፣ ሰው ምን ብሎ ጠራት? ‹የጌታ እናት› መሆኗን ገፍፈው ‹የኢያቄም ልጅ› አሏት? ነው ወይስ ይህን ያወቃችሁበት እናንተ ብቻ ናችሁ?»

እንደዚህ ያለ ጥያቄ ለእድር ዳኛ አይቀርብም። አጥናፉ መልስ ሲያጣ እንደሚያደርገው ሁሉ ደግነቱን አወጣ፤ ድምፁንም አለሰለሰው።

«ቁጡ ሆነሻል። አልፈርድብሽም። ዛሬ ጠዋትም ወይንሸትን ይህንኑ ነው የነገርኳት። የሰርክአዲስ ቁስል ገና አልደረቀም፣ በር ለበር ናችሁ፣ ደስታችሁን በልክ አድርጉት፣ ጉድ ጉድም ስትሉ እሷን አታስጨንቋት አልኩ። ለአንቺው ብዬ ነው።»

ሰርክአዲስ ዞራ ሙሉ ፊቷን ሰጠችው።

«አንተ ነህ ለካ።»

«ለአንቺ ብዬ...»

«ለእኔ የሚባለው ነገር ሁሉ ሲመከር እኔ የለሁበትም። ሂድ፣ ግባ ተሳለም። ለባለ ፈረሱም በልክ አድርገህ ተሳለምለት።»

ጥላው ወረደች። ጉልበቷ ቁልቁለት ሲሆን መራመድ አይወድም፤ ንዴት ግን ከምርኩዝ ይሻላል። የታክሲ ረዳቶች ይጮሃሉ፣ ቸርችልን የሚወርደው መኪና ይነፋል። በዚያ በኩል ፊቷን አታዞርም። እየሄደች ነገሩን ታላምጠዋለች። ሴት ልጅ ተወለደች፤ ይሁን። እሷን ሳይጠሩ ገንፎ አሳረሩ፤ ይሁን። ግን የቁስሏን መድረቅ አለመድረቅ ሸንጎ ተቀምጠው ማየታቸው! እናትነት ምንድን ነው እነሱ ቤት? ልጅ ሲኖር የሚለበስ፣ ልጅ ሲሞት ታጥፎ ሣጥን የሚገባ የክት ልብስ ነው? እሷስ አሁን ምንድን ናት? ከወለዱት ጋር አትቆጠር፣ ካልወለዱት ጋር አትቆጠር፤ ሰው ድምፁን ቀንሶ የሚያልፋት የታመመ ሰው በር ሆናለች።

ከግቢው መታጠፊያ ላይ የሸምሰዲን ሱቅ አለ። ግራና ቀኙ ያሉት ቤቶች ፈርሰው እሱ ብቻ እንደ ተረፈ ጥርስ ቆሟል። ሸምሰዲን ባንኮኒው ላይ ክርኑን አስደግፎ ከሩቅ አያት።

«የኤርሚ እናት!» አለ፤ መንገዱ ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ።

እንዲህ የሚጠራት እሱ ብቻ ነው የቀረው። ኤርሚ ገና በዳዴ ሳለ ከረሜላ እየሰጠ ያስለመደው እሱ ነው። ባለፈው ክረምት «አንተ ለምን አልተውክም?» ብላ ጠይቃው ነበር። «ሌላ ስምዎትን መቼ አውቄ» ነበር ያላት፤ ሌላ ትርጉም አልሰጠውም፣ እሷም አልጠየቀችውም።

«ጨው ስጠኝ» አለችው። ለምን ጨው እንዳለች አታውቅም። እጇ ገንፎውን አልረሳ ብሎ ይሆናል።

«ለገንፎው ነዋ! እንኳን ደስ ያላችሁ። ወንድ ነው አሉ አይደል? አባቱ ለስላሳ ሊገዛ መጥቶ፣ ከደስታው ብዛት የገዛውን እዚሁ ረስቶት ሄደ። ይኸው።» ባንኮኒው ላይ የተደረደሩትን ጠርሙሶች በአገጩ አሳያት።

«ሴት ናት።»

«ወንድ ነው፣ የኤርሚ እናት።»

«በጆሮዬ ሰምቻለሁ ስልህ! ሦስት ነው የተባለው።»

«እኔ እልልታውን አልሰማሁም። ግን ወላሂ ወንድ ነው። እዚህ ቆሞ ‹ጋሽ ሸምሱ፣ ወንድ! ወንድ!› እያለ አቅፎኛል።»

ጨዉን ያቀበላት እጁ አየር ላይ ቀረ። ሰርክአዲስ አልተቀበለችውም። የጠዋቱን ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ መልሳ እየሰማች ነበር። አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። የሦስተኛው ጫፍ ግን፣ አሁን ስታስበው፣ እንደ ሌሎቹ ተጠቅልሎ አልወረደም። ተገጭቶ ነው የቆመው። አንድ ሰው መዳፉን ወይንሸት አፍ ላይ ከድኖ ነበር፤ ወይም ወይንሸት ራሷ። ሦስት ብሎ የቆመ እልልታ አልነበረም። ሦስት ላይ የታነቀ ሰባት ነበር። ወንድ መሆኑን እንዳታውቅ። የሞተባት ወንድ ነዋ!

«ውኃ ልስጥዎት? ምነው ፊትዎ...»

«አልፈልግም። ጨዉን አምጣ። ለስላሳውንም በሰው ላክላቸው፤ አባት ሆኗል፣ እንግዲህ ብዙ ነገር ነው የሚረሳው።»

ከሱቁ እስከ ግቢው በር ድረስ ያለችውን ቁልቁለት ስትወርድ ያ ግንቦት ፊቷ ቆሞ ነበር። ታንክ ከተማውን የያዘበት ማለዳ። ጥይት ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደ በረዶ ሲያንኳኳ፣ ሆስፒታል የሚያደርስ ቀርቶ ከበር አንገቱን የሚያወጣ ሰው ሲጠፋ፣ ኤርሚን እዚሁ አልጋዋ ላይ ተገላገለችው። ሴቶቹ እልል አሉ። ሦስት ላይ ሲደርሱ አንድ ከባድ ነገር ፈንድቶ ቤቱ ተናጠ፤ ግማሾቹ አልጋ ሥር ገቡ። የቀሩት በደረቀ ጉሮሮ እየተንተባተቡ ስድስት አደረሱና ድምፃቸው ሸሸ። ሰባተኛውን ያለችው ወይንሸት ናት። ያኔ ለግቢው አዲስ ሙሽራ ነበረች። በሩን በርግዳ ወጥታ፣ ግቢው መሃል ቆማ፣ «ሰባት ሳይሞላማ ወንድ አይባልም!» ብላ ብቻዋን፣ ጥይቱን ቁልቁል እያየችው ይመስል፣ አስረዝማ አቀለጠችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው እህት የሆኑት። በዕድሜ ከሚያንሷት ሰርክአዲስን «አንቺ» የምትላት እሷ ብቻ ናት።

ቤቷን ከፈተች። ቆርቆሮውን በብብቷ፣ ማማሰያውን በእጇ ያዘች። ግቢውን ስታቋርጥ ልብስ የምታሰጣ አንዲት ተከራይ እጇ ገመዱ ላይ እንዳለ ቀረ። ማንም አልጠራትም። ዕድሜ ልኳን ያከበረችውን ወግ እየረገጠች መሆኑን እያወቀች ረገጠችው።

ወይንሸት በሩን በአካሏ ሞልታ ቆማ ነበር። ዐይኖቿ ከእንቅልፍ እጦት ቀልተዋል።

«ሰርክዬ...»

«ስንት ነው ያልሽው?»

«ምኑን?»

«እልልታውን። ለልጅ ልጅሽ ስንት አልሽ?»

ወይንሸት ወደ ኋላዋ፣ ወደ አራሷ ተመለከተች።

«ለወንድ ልጅ ሦስት! አራቱን ማን በላው?»

«ለአንቺ ብለን ነው እኮ...»

«ለእኔ! ዛሬ ለእኔ ያልተደረገ ነገር የለም። ገንፎው ያረረው ለእኔ ነው። ቅቤው ነጠላ ሥር የገባው ለእኔ ነው። ገና ዐይኑን በወጉ ያልገለጠ ሕፃን ከእልልታው ላይ የተሰረቀው ለእኔ ነው። አንቺ እኮ ታንክ ያላስቆመሽ ሴት ነሽ። እኔ ከታንክ ከፋሁብሽ?»

«ልብሽ እንዳይሰበር ፈርቼ ነው።»

«ልቤማ ተሰብሯል፤ የአንቺ እልልታ ከዚህ በላይ የት ያደርሰዋል? እውነቱን አውጪው። ለማን ነው የፈራሽው?»

ከውስጥ የድስት ክዳን ድምፅ አሰማና ጸጥ አለ። ወይንሸት እግሮቿን አየች። ነጠላዋን ጠቀለለች፣ ፈታች።

«ለልጁም ፈራሁለት» አለች በመጨረሻ። «ሰው ብዙ ይላል። ልጅ የቀበረ እጅ ለአራስ የመጀመሪያውን ገንፎ ባይነካ ይሻላል ይላሉ። እኔ አላምንበትም፤ ማርያምን አላምንበትም። ግን ሕፃኑን እጄ ላይ ሲያስቀምጡልኝ ፈራሁ። አንቺም አያት ስትሆኚ...»

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው። እጇ ወደ አፏ ሄደ።

«ጨርሺው» አለች ሰርክአዲስ።

ወይንሸት አልጨረሰችውም። ልብስ የምታሰጣዋ ሴት ሳይታወቃት አንድ መቆንጠጫ ጣለች፤ የወደቀበት ድምፅ ግቢው ሙሉ ተሰማ።

ሰርክአዲስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ስትጮህ የሚፈራት ሰው ይህን ድምፅዋን ሰምቶት አያውቅም።

«ስሚኝ ወይንሸት። ልጅ የሌላት ሴት ምን እንደምትመስል አውቃለሁ። እስካረጅ ድረስ ሆኛት ኖሬያለሁ። አሁን እሷን አይደለሁም። አትመልሱኝ! እኔ ልጄ የሞተብኝ እናት ነኝ። ዛሬም የግቢው በር ሲንቋቋ ከሥራ የገባ ይመስለኝና እራት ማሞቅ ያምረኛል። ብርድ ሲሆን ሹራብ ለበሰ ወይ እላለሁ፤ አፈር ውስጥ! ይሄ ሥራ ጡረታ የለውም። የሞተው እሱ ነው፤ እናቱን ግን ማንም አልገደላትም፣ እናንተ ካልገደላችኋት በስተቀር። እጄን ፈራሽው? ይህ እጅ አንድ ልጅ አሳድጎ ሰው አድርጓል። የቀበረውንም ያው ያሳደገው እጅ ነው። ሁለት እጅ የለኝም።»

«እማዬ!» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። የሰገነት ነው፤ ደካማ ነው፣ ግን ይቆርጣል። «ከበሩ ላይ ዞር በይ። አስገቢያት።»

ወይንሸት ዞር አለች።

ክፍሉ በአረረ ገብስ ሽታ ታፍኗል። እንቁ ምድጃው አጠገብ ቁጢጥ ብላ ድስቱን ከሰው ዐይን ልትሸሽግ ትሞክራለች። ሰገነት አልጋው ላይ ትራስ ተደግፋ፣ ላብ ፀጉሯን ግንባሯ ላይ ለጥፎት፣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ደረቷ ላይ ይዛለች። ከጨርቁ ውስጥ የምትታየው አንዲት ቀይ፣ የተጨማደደች፣ የተቆጣች ፊት ብቻ ናት።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ።»

«ማርያም ታኑርልኝ።»

ሰርክአዲስ ልጁን ልቀፈው አላለችም። አልጋው ግርጌ ቆማ አየችው። እንባ ይመጣል ብላ ጠብቃ ነበር፤ አልመጣም። የመጣው ያው ንዴት ነው፤ ግን አሁን የሚቆምበት ቦታ ያገኘ ንዴት ነበር። ይህ ልጅ ወደ ዓለም መጥቶ የመጀመሪያ ነገር የሰማው የሹክሹክታ ድምፅ ነው። እንደ ሌባ ነው ያስገቡት።

ሰገነት ልጁን ጠበቅ አደረገችው። «አስቤ ነበር» አለች። «እሱ እኮ ፊደል ያስቆጠረኝ ወንድሜ ነው። ከፈቀዱልኝ፣ ልጄን... ኤርሚያስ ልበለው ብዬ...»

«አትይውም!»

ሕፃኑ ደነገጠና እጁን ከጨርቁ አወጣ። ሰርክአዲስ ድምፅዋን አልቀነሰችም።

«ያ ስም ባለቤት አለው። ባለቤቱ ሞተ ብዬ ጫማውን ለመጣ ሁሉ አላድልም። ደግሞ ይሄ ምን በደለ? በተወለደበት ቀን የሌላ ሰው ሞት ምን ያሸክመዋል? የራሱን ስም ፈልጊለት፣ የራሱን ዕድሜ ይኑርበት። እኔን ማስደሰት ከፈለግሽ የእኔን ልጅ ስም ለልጅሽ አትስጪ፤ ለእኔ መልሺልኝ።»

ሰገነት እንባዋን በትከሻዋ ጠረገችው፤ እጇ ልጁን ይዟል።

«እሺ» አለች። «እሺ፣ የኤርሚ እናት።»

ሰርክአዲስ ፊቷን ቶሎ ወደ ምድጃው አዞረች።

«አንቺ እንቁ፣ ምን አፍጥጠሽ ታይኛለሽ? ይህን ነገር ደፍተሽ ድስቱን እጠቢ። ለዶሮሽ እንዳትሰጫት፤ እሷም ነፍስ አላት። ሌላ ውኃ ጣጂ።»

እንቁ እንደ ተፈታ እስረኛ ተፈናጠረች። ውኃው ተጣደ። ሰርክአዲስ ጨዉን ጣለች፣ ጠበቀች፤ ሲንተከተክ ዱቄቱን በእጇ እየበተነች ማማሰያዋን ሰደደች። መጀመሪያ ቀስ፣ ከዚያ ጠበቅ፣ ከዚያ በሙሉ ትከሻዋ። እንቁ የድስቱን ጆሮዎች በጨርቅ ይዛ አብራ ትወዛወዛለች። ገንፎ ርኅሩኅ ክንድ አይወድም፤ ለስልሶ የሚወጣው በተናደደች ሴት እጅ ነው። ሰርክአዲስም ሁሉንም እየጨመረች ታማስለዋለች፤ መኪናውን፣ ፈረሱን፣ የአጥናፉን ከዘራ፣ «እትዬ»ን፣ «በልክ»ን፣ «ለአንቺ ብለን»ን። ጓጉል እንዲኖር አልፈቀደችም።

ሳታቆም፣ ራሷን ቀና አድርጋ፣ አፏን ከፈተች።

ከአምና ወዲህ ከጉሮሮዋ የወጣው ለቅሶ ብቻ ነበር፤ ድምፁ መንገዱን ስቷል። ሲጀምር ዘይት እንዳጣ የብረት በር ሲጥጥ አለ። እንቁ ድስቱን ልትለቀው ደረሰች። ከዚያ ምላሷ ሥራውን አስታወሰ፤ ድምፁ ተቃና፣ ጣሪያውን ነካ፣ በተከፈተው በር ወጣ።

«አራት» አለች ሰርክአዲስ፤ ትንፋሿን ሰበሰበች።

አምስተኛው ከግቢው አልፎ መንገድ ላይ ደረሰ። ልብስ የምታሰጣዋ ሴት በር ላይ መጥታ ቆመች፤ ከኋላዋ ሌላ ሰው፤ ከእሱ ኋላ የሰገነት ባል፣ ለስላሳዎቹን በሁለት እጁ አቅፎ። ስድስተኛውን ስትል ማማሰያውን እንደ ምሰሶ ተደግፋ እስከ ጫፉ አደረሰችው፤ ጠቅልላ፣ በወጉ አወረደችው።

ከዚያ ቆመች። ገንፎው ድስቱ ውስጥ ፍጥ፣ ፍጥ ይላል። ሁሉም ሰባተኛውን ጠበቀ።

ሰርክአዲስ አላለችውም። ዞራ ወይንሸትን አየቻት። ወይንሸት እዚያው መቃኑን ተደግፋ፣ መዳፏ አሁንም አፏ ላይ እንደ ተከደነ ነበር።

«የአንቺ ነው» አለቻት።

ወይንሸት ራሷን ነቀነቀች፤ እሺ ይሁን እንቢ አይታወቅም። ዐይኗ ከሕፃኑ ወደ ሰርክአዲስ እጅ፣ ከእጁ ወደ ሕፃኑ ሄደ፣ ተመለሰ። ከመዳፏ በላይ እንባዋ መውረድ ጀመረ።

ሰርክአዲስ አላባበለቻትም። ማማሰል ቀጠለች፤ ዐይኗን ግን ከዚያ ከተከደነ አፍ ላይ አላነሣችም።